መኪና ኔትወርክ በሌለበት ገደል ውስጥ የት እንዳለ በአማተር ሬዲዮ ማወቅ ይቻላል ወይ? (ጎንደር፣ ደባርቅ፣ ሊማሊሞ መስመር)

ሰላም የመድረኩ ሰዎች፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል ታገሱኝ። አጎቴ ኤንፒአር አይሱዙ አለው፣ ከአዘዞ እየጫነ በደባርቅ አድርጎ ወደ አዲአርቃይ ይሠራል። በቀደም ዱቄት ጭኖ ቀን 8 ሰዓት ላይ ወጣ፣ ደባርቅ ላይ ሻይ ጠጥቶ ሊማሊሞን መውረድ ከመጀመሩ የኋላ ጎማ ፈነዳበት፣ ስኮርታውን አውርዶ ሲያየው እሱም ነፋስ የለውም። ስልክ ቢሞክር ኔትወርክ የለም። እኛ ደግሞ ጎንደር ማራኪ ሰፈር ቤታችን ቁጭ ብለን በስልካችን የምናየው ትራከር (መኪናው ላይ ተገጥሞ ያለበትን ቦታ በሲምካርድ የሚልክ ዕቃ ነው) መኪናው ደባርቅ ነው ይላል፣ አረንጓዴ ነጥብ ደባርቅ ከተማ መሀል ላይ ቁጭ ብላለች፣ አክስቴም አልጋ ይዞ ነው ብላ እፎይ ብላ ተኛች። እኔ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ እንደገና ከፍቼ ጣቴን ነጥቧ ላይ ሳሳርፍ ከሥሯ በደቃቃ ፊደል 11:20 የሚል አየሁ። ለካ የቆመው መኪናው ሳይሆን ወሬው ነው! ከ11:20 በኋላ አንድም መልእክት አልመጣም፣ ነጥቧ ግን ልክ አሁን እንደደረሰች አረንጓዴ ሆና ታበራለች። አጎቴና ረዳቱ በዚያ ብርድ ጋቢና ውስጥ አደሩ፣ ሲነጋ ረዳቱ በእግሩ ሽቅብ ወጥቶ ደባርቅ ገብቶ ጎማ ይዞ ወረደ። ሰው አልተጎዳም ተመስገን፣ ግን ጎማ ባይሆንና ፍሬን ቢሆንስ ኖሮ እያልኩ እስካሁን እንቅልፍ የለኝም።

ትራከሩን የሸጠልን ሰው ጋ ስደውል ኔትወርክ ከሌለ እኔ ምን ላድርግ አለኝ። እውነቱን ነው፣ ግን ሲሸጥልን ይህን አልነገረንም። እና አማተር ሬዲዮ ያላቸው ሰዎች (በራሳቸው ፍላጎት በሬዲዮ የሚገናኙ) ያለ ሲምካርድ የመኪና ቦታ በሬዲዮ የሚልኩበት ነገር እንዳለ ሰምቻለሁ፣ ተራራ ላይ አንድ መልሶ የሚያስተላልፍ ጣቢያ ቢቀመጥ ይህ መስመር ሙሉ በሙሉ ሊታይ ይችላል የሚል ግምት አለኝ። የምታውቁ ንገሩኝ፣ ይቻላል ወይስ አይቻልም?

ከዚህ በታች ያለው ከአምስት ቀን በኋላ የጨመርኩት ነው። መልሱ ከ30 በላይ ሆነና አዲስ የሚገባ ሰው ሁሉ ከላይ የተመለሰውን እንደገና ይጠይቃል፣ ስለዚህ ማን ምን እንዳለ በመልሱ ቁጥር እየጠራሁ በራሴ አነጋገር ልጻፍላችሁ፣ የተሳሳትኩት ካለ አርሙኝ።

ቁጥር 1 በጣም ትሁት ሰው ነው፣ መጀመሪያ አጎቴ በሰላም በመግባቱ አመሰገነና ከዚያ ጂፒኤስ እኮ ኔትወርክ አይፈልግም፣ ታዲያ ችግሩ ምንድነው ብሎ ጠየቀ። ቁጥር 2 ወዲያው አረመው፣ እዚህ ጋ ብዙዎቻችን ስለምንሳሳት ትንሽ ልቆይበት። ጂፒኤስ አድማጭ ብቻ ነው። ዕቃው ሰማይ ላይ ካሉት ሳተላይቶች ሰምቶ እኔ እዚህ ነኝ ብሎ ለራሱ ያውቃል፣ ለሌላ ሰው ግን አይናገርም። የሚናገረው ሲምካርዱ ነው። ስለዚህ የአጎቴ ትራከር ያን ሌሊት ሊማሊሞ የትኛው መታጠፊያ ላይ እንዳለ በሜትር ሳይቀር ያውቅ ነበር፣ ያጣው የሚነግረው ሰው ነው። ይህን ሳነብ በጣም ነው ያዘንኩት።

ቁጥር 3 ነገሩን ከሥሩ የሚያውቅ ሰው ሆኖ ተገኘ። የሰማሁት ነገር ስሙ ኤፒአርኤስ እንደሚባል፣ የጀመረው ቦብ ብሩኒንጋ የሚባል የአሜሪካ ባሕር ኃይል አካዳሚ መሐንዲስ እንደሆነ፣ ሰውየውም በ2022 እ.ኤ.አ. እንዳረፈ ጻፈ። መጀመሪያ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው የተነሳው፣ በ1984 እ.ኤ.አ. የ160 ኪሎ ሜትር የፈረስ ውድድር ላይ ፈረሶቹ የት እንደደረሱ ለማሳየት ሠርቶበታል (ፈረስ ሲባል ጎንደሬ ሁሉ ነቃ አለ፣ ሁለት ሰው ስለ ጉግስ ጻፈ)። አሠራሩ እንዲህ ነው። መኪናው ላይ ጂፒኤስና ትንሽ ሬዲዮ አለ፣ ሬዲዮው የባለቤቱን የጥሪ ምልክት (ፈቃድ ያለው ሰው አየር ላይ የሚታወቅበት መለያ)፣ ቦታውን፣ ፍጥነቱንና አቅጣጫውን አጭር ጥቅል አድርጎ ወደ ድምፅ ይለውጠዋል፣ ሁለት ድምፅ ብቻ፣ አንዱ 1200 ኸርዝ አንዱ 2200 ኸርዝ፣ በሰከንድ 1200 ቢት። የድሮ ፋክስ ሲያነሱት ጆሮ ላይ የሚንጫጫውን አስቡት፣ እንደዚያ ሆኖ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ያልቃል። ሁሉም ሰው የሚጠቀመው አንድ ድግግሞሽ (ፍሪኩዌንሲ) ነው፣ አውሮፓና አፍሪካ 144.800 ሜጋኸርዝ፣ ሰሜን አሜሪካ 144.390። ከፍ ያለ ቦታ ላይ ያለ ዲጂፒተር የሚሉት ጣቢያ ጥቅሉን ሰምቶ መልሶ ይናገረዋል፣ ኢንተርኔት ያለው ሌላ ጣቢያ ደግሞ ተቀብሎ ካርታ ላይ ያወጣዋል። ሲም የለም፣ ወርሃዊ ክፍያም የለም።

ቁጥር 4 የመስመሩ ሾፌር ነው፣ ብዙ ዓመት ሊማሊሞን የወጣና የወረደ። ይህ የምትሉት አዲስ ነገር አይደለም፣ እኛ ድሮም እንሠራበታለን አለ። ብልሽት ሲገጥም ከፊት ለፊት የሚመጣውን መኪና መብራት አብርቶ ያስቆማል፣ መስታወት ዝቅ አድርጎ እገሌ ከሦስተኛው መታጠፊያ ሥር ቆሟል ብለህ ለጎሚስታው ንገርልኝ ይለዋል፣ ያ ሾፌር ሌላ ቦታ የሚቀር ከሆነ ለቀጣዩ ያቀብላል፣ መልእክቱ ከመኪናው ቀድሞ ደባርቅ ይገባል። አንድ ጊዜ ግን ተጨንቆ ለሦስት ሾፌር ነገረና ሦስት ሰው ሦስት ጎማ ይዞ መጣበት፣ የሦስቱንም መንገድ ከፈለ።

ይህን ሳነብ ሳቅሁ፣ ቁጥር 6 ላይ ግን ያው ቁጥር 3 ተመልሶ መጥቶ ይህ ታሪክ የኤፒአርኤስ ዋናው ራስ ምታት ነው አለ። አንድ ጥቅል በሁሉም ጣቢያ ዝም ብሎ ቢደገም ድግግሞሹ በአንድ መኪና ወሬ ይሞላል፣ ስለዚህ ጥቅሉ ራሱ ስንት ጊዜ ብቻ እንደሚደገም ቁጥር ይዞ ይሄዳል፣ ጣቢያው ሲደግመው ቁጥሩን ይቀንሳል፣ ትንሽ ቀደም ብሎ የሰማውን ጥቅል እንደገና ሲሰማ ደግሞ ዝም ይላል። እንደዚሁም መኪናው በየ5 ሰከንዱ መጮህ የለበትም፣ ሲሄድ በየአንድ ሁለት ደቂቃ፣ ሲቆም በየግማሽ ሰዓት ይበቃል፣ ሲታጠፍ ግን ወዲያው እንዲናገር ይደረጋል፣ ካርታው ላይ መስመሩ ገደል የገባ እንዳይመስል።

አሁን ወደ ቁጥር 5 ልመለስ፣ ዘልዬው ነው፣ ምክንያቱም ክሩ (ይህ ውይይት) መሞቅ የጀመረው ከእሱ ነው። ሰውየው ሰላምታም የለውም። ፈቃድ ሳይኖራችሁ ስለ ሬዲዮ ታወራላችሁ፣ አንዱ የዋህ አንብቦ በእጅ የሚያዝ የቻይና ሬዲዮ ገዝቶ ቁልፉን ይጫንና ይታሰራል፣ ያን ጊዜ የት ናችሁ አለ። አነጋገሩ አስከፍቶኝ ነበር፣ ግን የተናገረው እውነት ስለሆነ ክሩ አናት ላይ አስሬዋለሁ። ፍሪኩዌንሲ የሚፈቅደው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የጥሪ ምልክት የሌለው ሰው ማሰራጨት አይችልም፣ ጥቅሉ ውስጥ ራሱ የጥሪ ምልክት መግባት አለበት። ወንድሞቼ ማንም ከዚህ ክር ተነስቶ ሬዲዮ ገዝቶ እንዳይናገር አደራ።

ቁጥር 7 አዲስ አበባ 5 ኪሎ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የተማረ ያገራችን ልጅ ነው፣ እዚያ ኢቲ 3 ኤኤ የሚባለው የክለብ ጣቢያ እንዳለ ነገረን። የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ ነው፣ ኢቲ የሚለው የአገራችን መለያ ነው፣ ዓለም ላይ ያሉ አማተሮች ኢትዮጵያን ለማግኘት ይጓጓሉ፣ ጣቢያው አየር ላይ ሲወጣ ወረፋ ይያዛል አለ። የቁጥር 5ን ኃይለ ቃል በለሰለሰ አንደበት ደገመው፣ መንገዱ በማኅበር መሰባሰብ፣ መማር፣ በሕጉ ማመልከት ነው ብሎ።

ቁጥር 8ን በጣም ወድጄዋለሁ። ጎንደር የሚማር ተማሪ ነው፣ ሬዲዮ ሳይነካ ሁለት ላፕቶፕ በድምፅ ገመድ አገናኝቶ ዳየርዎልፍ በሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ጥቅል ከአንዱ ወደ ሌላው ይልካል፣ አየር ላይ ምንም አይወጣም። ፒያሳ ቁጭ ብሎ ቦታውን በእጁ ጽፎ ላከ፣ ካርታው ላይ መኪናዋ ዳባት ወጣች። ደገመ፣ አሁንም ዳባት። ሁለት ቀን ሶፍትዌሩን ሲራገም ከርሞ ነው ስህተቱ የገባው። ስልኩ ለጎንደር የሰጠው ቁጥር 12.60 ሰሜን 37.47 ምሥራቅ ነው፣ ይህ ዲግሪ ከነነጥቡ ነው። ኤፒአርኤስ የሚጠብቀው ግን ዲግሪና ደቂቃ ነው፣ ማለትም 12 ዲግሪ ከ36 ደቂቃ፣ 37 ዲግሪ ከ28 ደቂቃ። እሱ ነጥቧን አንስቶ 12 ዲግሪ ከ60 ደቂቃ፣ 37 ዲግሪ ከ47 ደቂቃ ብሎ ጻፈ፣ 60 ደቂቃ ደግሞ አንድ ሙሉ ዲግሪ ነው፣ 13 ሆነ። እኔም ካርታ ከፍቼ አስገባሁት፣ እውነትም ዳባት አፍንጫ ሥር ነው የሚያርፈው፣ ከጎንደር 50 ምናምን ኪሎ ሜትር የአየር ርቀት። አስቡት፣ አጎቴን ፍለጋ መኪና ተከራይተን ዳባት ሄደን ቢሆን።

9 እና 10 ሰላምታና ዋጋ የሚጠይቁ ናቸው፣ ዋጋ እዚህ አንጻፍ፣ ከላይ ያለውን ማስጠንቀቂያ አንብቡ።

ቁጥር 11 ሒሳብ ይዞ መጣ። ይህ ድግግሞሽ በአብዛኛው እንደ ዓይን ነው፣ የሚታይ ቦታ ይደርሳል፣ ጋራ ከጋረደው ግን ያልቃል። የአንቴናውን ከፍታ በሜትር ወስደህ ስኩዌር ሩቱን በ4.12 ብታባዛ በኪሎ ሜትር የት ድረስ እንደሚያይ ይሰጥሃል። ጎንደር ካለው ከጎሃ ኮረብታ ወደ ደምቢያ ሜዳ ያለው ቁልቁለት 400 ሜትር ገደማ ነው ብንል 82 ኪሎ ሜትር፣ መኪናው ላይ ያለው የሁለት ሜትር አንቴና ደግሞ ወደ 6 ኪሎ ሜትር ይጨምራል። በዚህ ሒሳብ ቆላድባም ጎርጎራም ከእጅ አይወጡም፣ ጣናም ላይ ያለ ጀልባ ሳይቀር ይሰማል። በሰሜን በኩል ግን ነገሩ ይገለበጣል። ከጎንደር ወደ ወገራ መሬቱ ሽቅብ ነው፣ ጎንደር 2100 ሜትር ላይ ናት፣ ደባርቅ 2800ን ያልፋል፣ ስለዚህ ጎሃ ላይ ያለው ጣቢያ ደጋውን አሻግሮ ማየት አይችልም፣ ከደባርቅ ጀርባ ደግሞ መሬቱ ተቆርጦ ይወርዳል፣ ሊማሊሞ ያለው እዚያ ግድግዳ ላይ ነው። እኔ ይቻላል ያልኩት በዚህ ወደቀ ማለት ነው፣ አንድ ጣቢያ አይበቃም፣ ግድግዳውን ፊት ለፊት የሚያይ ሌላ ከታች በኩል ያስፈልጋል።

ቁጥር 12 ታዲያ ራስ ዳሽን ላይ እንስቀለዋ አለ፣ 4500 ሜትር የሚያልፍ ተራራ እያለን። ቁጥር 13 በትዕግሥት መለሰለት። ከፍታ ብቻውን አያይም፣ ራስ ዳሽን ከመንገዱ ወደ ምሥራቅ ራቅ ያለ ነው፣ መሀል ላይ የስሜን ጋራዎች ተደርድረዋል። በዚያ ላይ ፓርኩ ከ1978 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው፣ ማንም ተነስቶ ብረት አይተክልበትም። ባትሪውን ማን ይቀይራል፣ በረዶ ሲመታውስ ማን ይወጣል ብሎ ጠየቀ። ቁጥር 12 እሺ ተምሬያለሁ ብሎ አመሰገነ።

ከ14 እስከ 18 ያለው ጠብ ነው። ቁጥር 14 በርካታ መኪና ያለው ባለሀብት ይመስላል፣ ወጪውን እኔ እችላለሁ፣ ጣቢያውን ተክላችሁ መኪኖቼን አሳዩኝ አለ። ቁጥር 15 (ያው ቁጥር 5 ነው) አማተር ሬዲዮ ለገንዘብ ሥራ አይውልም ብሎ ቆረጠው። በዓለም አቀፉ የሬዲዮ ደንብ አማተር ማለት ለግል ፍላጎት፣ ለመማርና ለመመራመር፣ ያለ ጥቅም የሚሠራበት ነው፣ የጭነት መኪና ሥራ መከታተያ ማድረግ አይቻልም፣ የንግድ ከሆነ የንግድ ፈቃድና የራሱ ፍሪኩዌንሲ አለው። ቁጥር 16 ሕግ ሕግ እያላችሁ ሰው ገደል ይግባ አለ። ቁጥር 17 ስድብ ስለነበረበት ተነስቷል። ቁጥር 18 አስተዳዳሪው ነው፣ ሁለቱንም አስጠነቀቀ። እኔ እዚህ ጋ ዝም ማለት አልፈልግም። ቁጥር 15 ትክክል ነው፣ የሚጎዳውም መጀመሪያ እኔን ነው፣ የአጎቴ አይሱዙ እኮ በኪራይ ነው የምትጭነው። ጥያቄዬን ስጽፍ ይህን አላወቅሁም ነበር። ሌላ አገር አማተሮች ይህን ነገር ሩጫ ላይ፣ የብስክሌት ውድድር ላይ፣ ጎርፍና ማዕበል ሲመጣ በበጎ ፈቃድ ይሠሩበታል፣ የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ሲሆን ደግሞ ደንቡም ሰፋ ይላል። እኔን የሚታየኝ ጥምቀት ነው፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ፋሲል መዋኛ ዙሪያ ሲሞላ ስልክ ይጨናነቃል፣ አምቡላንሶቹ የት የት እንደቆሙ አንድ ካርታ ላይ ቢታይ እንዴት ያለ ነገር ነው።

ቁጥር 19 የሾፌር ሚስት ነኝ ያለች እህታችን ናት፣ ክሩ ውስጥ ከተጻፈው ሁሉ እኔን ያስደነገጠኝ የእሷ ነው። ይህ ጥቅል በምስጢር ይላካል ወይስ ማንም ይሰማዋል ብላ ጠየቀች። ቁጥር 3 እውነቱን ነገራት፣ ግልጽ ነው፣ አማተር ላይ ትርጉሙን ለመደበቅ መቆለፍ አይፈቀድም፣ መቀበያ ያለው ሁሉ ይሰማዋል፣ ካርታውም ለዓለም ክፍት ነው። እሷም መለሰች፣ የተጫነ መኪና ብቻውን ጨለማ መንገድ ላይ መቆሙን ለዘመድ ብቻ ሳይሆን ለሌባም መንገር ነዋ፣ ባሌ ሲቆም መብራት አጥፍቶ ድምፁን አጥፍቶ ነው የሚያድረው፣ እናንተ ደግሞ በየግማሽ ሰዓቱ እዚህ ነኝ እያለ እንዲጮህ ትፈልጋላችሁ አለች። ይህን አላሰብኩትም። ቴክኒኩ ላይ ተመስጬ ሾፌሩን ረሳሁት፣ እህቴ ይቅርታሽን እለምናለሁ። ካነበብኩ በኋላ አጎቴን ጠየቅሁት፣ ረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ቆየና ለቤት ብቻ የሚደርስ ከሆነ እሺ፣ ለሁሉም ከሆነ ይቅርብኝ አለኝ።

20 እስከ 23 ከርዕስ የወጡ ናቸው ግን አልተነሱም፣ ሊማሊሞ ሲነሳ ሾፌር ዝም አይልማ። ጣሊያን ያንን መንገድ እንዴት ከገደል ላይ እንደፈለፈለው፣ ሲወርዱ ፍሬን እየረገጡ መውረድ ሞት እንደሆነና የወጡበትን ማርሽ አስገብቶ በሞተር ይዞ መውረድ እንደሚገባ፣ ስኮርታን ከመነሳት በፊት መንፋት እንደ ጸሎት ነው የሚሉ (አጎቴ ይህን ስላነበብኩለት ተቆጥቶኛል)። ቁጥር 23 ከተማ ውስጥ ያለው የባጃጅ አነዳድ ይብሳል ብሎ ሌላ ክር የሚያስከፍት ነገር ጀመረ፣ እዚያው ቀረ።

ቁጥር 24 ላይ አንድ አባት ገቡ። በ77ቱ ድርቅ ዘመን የእርዳታ እህል በሚጭን ድርጅት ውስጥ የሬዲዮ ኦፕሬተር እንደነበሩ ነገሩን። የእሳቸው ሬዲዮ አጭር ሞገድ ነው፣ ከፓራውልቱ ላይ እንደ ሸምበቆ ረዝሞ የሚወዛወዝ አንቴና ያለው። አጭር ሞገድ ሽቅብ ወደ ሰማይ ሄዶ ከላይኛው አየር ተመልሶ ስለሚወርድ ጋራ አያግደውም፣ ገደል ውስጥ ያለ መኪና ይሰማል፣ ታዲያ ቀንና ማታ የሚሠራው ድግግሞሽ ስለሚለያይ ማወቅ ይጠይቃል። ሾፌሮቹ ጠዋትና ማታ በተቀጠረ ሰዓት ያሉበትን በአፋቸው ይናገራሉ፣ እሳቸው ግድግዳ ላይ ባለው ካርታ ባለቀለም መርፌ ይሰካሉ። ሰዓቱ ደርሶ ያልተናገረ መኪና ሲኖር መርፌውን ነቅለው እጃቸው ላይ ይይዙታል፣ ካርታው ላይ አይመልሱትም፣ መርፌው እጃቸው ላይ እስካለ ድረስ ምሳ አይበሉም፣ የፊቱን ጣቢያ ይጠራሉ፣ የኋላውን ይጠራሉ። እናንተ ልጆቼ ነጥባችሁ ዝም ሲል ለምን አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል፣ ዝም ያለ መኪና ካርታ ላይ መቀመጥ የለበትም አሉ። ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ያን ቀን ማታ እኛ ቤት የጠፋው ይህ ነው። ቁጥር 3 ተከትሎ አጭር ሞገድ ላይ የሚሠራ ኤፒአርኤስም እንዳለ፣ 10 ሜጋኸርዝ አካባቢ በሰከንድ 300 ቢት ብቻ እንደሚልክ ጨመረ፣ ቀርፋፋ ነው፣ ለቦታ ግን ይበቃል።

ቁጥር 26 ትራከር የሚገጥም ባለሙያ ነው፣ እንደ ሻጫችን ሳይሆን በቅንነት አስረዳኝ። ብዙዎቹ ትራከሮች ኔትወርክ ሲጠፋ የሄዱበትን ማኅደራቸው ላይ ያስቀምጡና ሲመለስ አንድ ላይ ይልኩታል፣ የኛም እንደዚያ ሳይሆን አይቀርም። ይህ ግን መኪናው ከገደሉ ከወጣ በኋላ የሚሆን ነው፣ ለእኛ የሚረዳን ሌላ ነገር ነው፣ ፕሮግራሙ ላይ ይህን ያህል ደቂቃ ካልተናገረ አስጠንቅቀኝ የሚል ምርጫ አለ፣ ተዘግቶ ነው የሚመጣው። በነገታው ከፍቼ ፈለግሁት፣ አለ። 45 ደቂቃ አድርጌዋለሁ፣ አሁን አጎቴ ሊማሊሞ ሲገባ የአክስቴም የኔም ስልክ ይጮሃል፣ ሲወጣ ነጥቡ ይመለሳል። መጀመሪያ ሲጮህ አክስቴ ሰማይ ምድሩ ዞረባት፣ አሁን ለምዳዋለች፣ ሰዓት ትይዛለች፣ ከጮኸ ሦስት ሰዓት ሙሉ ካለፈ ደባርቅ ላለው ጎሚስታ እንደውላለን።

ቁጥር 27 ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ላይም ዲጂፒተር እንዳለ ጻፈ፣ 145.825 ሜጋኸርዝ ላይ፣ ሲበራ ከ400 ኪሎ ሜትር ከፍታ የሰማውን ይደግማል። ከአንድ ቦታ የሚታየው ለ10 ደቂቃ ገደማ ስለሆነ ለአይሱዙ አይጠቅምም፣ ግን ተማሪው ቁጥር 8 ልቡ ቆመ። ጎንደር ውስጥ 144.800 ላይ የሚናገር ስለሌለ ብናዳምጥ ምንም አንሰማም፣ ከሰማይ የሚመጣውን ግን መቀበያ ብቻ ይዞ መስማት ይቻላል ብሎ ተነሳ። ቁጥር 5 ለመጀመሪያ ጊዜ ለስለስ ብሎ ለመቀበያውም ቢሆን ከማስገባታችሁ በፊት ባለሥልጣኑን ጠይቁ፣ ደብዳቤውን እኔ አረቅቃለሁ አለ። ቁጥር 7 ደግሞ 5 ኪሎ ያሉትን አነጋግራለሁ ብሏል። እስካሁን ስምንት ሰው ስሙን ሰጥቷል፣ መሰብሰቢያ ቦታ እየፈለግን ነው።

28 እስከ 30 ስለ ኬብልና ስለ አንቴና ነው፣ የሚፈልግ ይመልከተው።

ቁጥር 31 ሾፌሩ ነው፣ ቁጥር 4 ያልኳችሁ። ይህ ሁሉ እስኪሆን እኔ አንድ ነገር ልሥራ አለ። ከደባርቅ እስከ አዲአርቃይ ስልክ የት ጋ እንደሚጠፋና የት ጋ እንደሚመለስ ከክሩስኮቱ ላይ ኪሎ ሜትሩን እያነበበ ሊመዘግብ ነው፣ ረዳቱ ስልኩን ይዞ ሲጠፋ ይጮሃል፣ እሱ ቁጥሩን ይናገራል፣ ማታ ሲያርፉ ይጽፉታል። የዘይት ደረሰኝ የሚይዝበትን ደብተር ከኋላ ገልብጦ መስመር አስምሮበት ፎቶውን ለጠፈ፣ ሁለት ዓምድ፣ ጠፋ እና ተመለሰ። ሐሙስ ይጭናል።